የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ መምህርና ተመራማሪ ለመሆን፦ ከጣና ዳር የሚጀምር መንገድ

"ዜጋ" የሚለውን ቃል ያዙልኝ። ዛሬ ፓስፖርት ላይ ዜግነት ብለን የምንጽፈው፣ ስብሰባ ላይ "እኔም እንደ ዜጋ" እያልን እጅ የምናወጣበት የክብር ቃል ነው። አሁን ከባሕር ዳር በሞጣ መስመር ወደ ምሥራቅ ጎጃም ውረዱ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፉ የአድባራት የመሬት መዛግብትን ክፈቱ። እዚያ ዜጋ ማለት የራሱ ርስት የሌለው፣ በሌላ ሰው መሬት ላይ እየሠራ ለባለመሬቱ የሚገብርና የሚያገለግል ሰው ነው። ጌታ አለው።

ያው ቃል ከዚያ ተነሥቶ እንዴት እዚህ ደረሰ? ማን ገለበጠው? መቼ? ምን ፈልጎ? ይህን መጠየቅ፣ መልሱን መፈለግና ለተማሪ ማስተላለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ ይባላል። ሰዎች ስለ ሥልጣን፣ ስለ ሕግ፣ ስለ ፍትሕ፣ ስለ ነፃነት ምን እንዳሰቡ፣ ለማን ብለው እንደጻፉ፣ ቃላቸውም ከዘመን ዘመን እንዴት እንደተለወጠ ያጠናል።

በዚህ ከተማ ይህን ትምህርት ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። በየዓመቱ ሁለት ሦስት ተማሪ ቢሮዬ መጥቶ "መምህር፣ በዚህ መስክ መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?" ይለኛል። ለእነሱ በቃል የምነግራቸውን እዚህ በተራ አስቀምጣለሁ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. የምትገቡበትን በር ምረጡ

በአገራችን "የፖለቲካ ሐሳብ ታሪክ" የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ዲፓርትመንት አትፈልጉ። መግቢያው አራት በር አለው፦ ታሪክ፣ ፖለቲካል ሳይንስ፣ ፍልስፍናና ሕግ። የትኛውም ያደርሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ታሪክን እመርጣለሁ። ታሪክ ክፍል ሰነድ መያዝ ያስተምራል። የፖለቲካ ፍልስፍናውን በራሳችሁ ንባብ ታሟላላችሁ፤ ሰነድ መያዝን ግን በራስ ንባብ መማር በጣም ይከብዳል።

ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናውን፣ ጋት የምንለውን፣ ማለፍ አለ። ማስተርስ ሁለት ዓመት፣ ፒኤችዲ አራት ዓመት ገደማ ይወስዳል። በተግባር ግን ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ የቤት ኪራዩንም፣ ትዳሩንም፣ የቤተሰብ ኃላፊነቱንም ከወዲሁ አስቡበት። የማዕረጉ መሰላል ከረዳት ምሩቅ ይነሣል፤ በሌክቸረር፣ በረዳት ፕሮፌሰርና በተባባሪ ፕሮፌሰር አልፎ ፕሮፌሰር ላይ ይደርሳል። ደመወዙ ሀብታም አያደርግም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

2. ግእዝ ተማሩ፤ ዛሬውኑ

ይህን ምክር ስሰጥ ብዙ ተማሪ ፊቱ ይለወጣል። "እኔ ቄስ መሆን አልፈልግም" ያለኝም አለ። ግን አስቡት። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን በፊት በዚህ አካባቢ ስለ ሥልጣን ከተጻፈው አብዛኛው በግእዝ ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መልኩን የያዘው ክብረ ነገሥት፣ የነገሥታቱ ዜና መዋዕል፣ በግብጽ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በዐረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ የቤተ መንግሥቱ ሥርዓተ መንግሥት። ግእዝ ሳያውቁ እነዚህን ማጥናት በሰው ዓይን ማየት ነው። ተርጓሚው የሳተውን አብራችሁ ትስታላችሁ።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። መዝሙረ ዳዊትን በግእዝና በአማርኛ ጎን ለጎን አስቀምጡ። በየማለዳው አንድ ሰዓት፣ አንድ መዝሙር። ያልገባችሁን ቃል ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት ላይ ፈልጉ። የአማርኛውን ቃል ታሪክ ደግሞ የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት ይነግራችኋል። ሁለቱም ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑሩ። በሦስተኛው ወር ግድም ንባቡ እየቀለለ ይመጣል። ያኔ አስተማሪ ፈልጉ። እኛ ጋ ይህ ከባድ አይደለም፤ በየደብሩ ዙሪያ የኔታ አይጠፋም። የኔታን ስትቀርቡ እንደ ደቀ መዝሙር ቅረቡ። ዲግሪያችሁን በር ላይ አስቀምጡት።

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጅ የታወቁ የቅኔ ቤቶች ናቸው። ቅኔ ባትቆጥሩም አንድ ወቅት ቁጭ ብላችሁ ሲቆጠር ስሙ። ለሙያችሁ ይጠቅማችኋል። ሊዮ ስትራውስ የተባለ ምሁር በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ በጭቆና ዘመን የሚጽፉ ፈላስፎች እውነተኛ ሐሳባቸውን በመስመሮች መካከል ይሸሽጉ ነበር ብሎ ተከራከረ። የአውሮፓና የአሜሪካ ምሁራን በዚህ ብዙ ተጨቃጭቀዋል። የቅኔ ቤት ልጅ ግን ነገሩ ገና ሲነሣ ይገባዋል፤ ሰምና ወርቅ ብሎ አድጓልና። የኔታም ወርቁን ከየትም አምጥተህ እንድትለጥፍ አይፈቅዱም። ሰሙ ራሱ ወደ ወርቁ መምራት አለበት። የተሰወረ ትርጉም የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ሕግ ያዙ።

ከግእዝ ቀጥሎ ከእንግሊዝኛ ሌላ አንድ የውጭ ቋንቋ ጨምሩ። ስለ ኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ብዙ የተጻፈው በጣልያንኛ፣ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ነው። ኤርንስት ሐመርሽሚት ያዘጋጀው የጣና ገዳማት መጻሕፍት ካታሎግ እንኳ በጀርመንኛ ነው። ምሁር ያደርገኛል ብላችሁ አትድከሙ፤ ካታሎግ እስክታነቡ ድረስ ከቻላችሁ ይበቃል።

3. አንድ ጽሑፍ ይዛችሁ ተቀመጡ

ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "የኢትዮጵያ የፖለቲካ ሐሳብ ከአክሱም እስከ ዛሬ" የሚል ርእስ ይዞ ይመጣል። እኔም ይዤ ሄጄ ነበር። አማካሪዬ ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝና "አንድ መጽሐፍ ምረጥ፤ ከደራሲው በላይ እስክታውቀው አንብበው" አሉኝ። ከሰማኋቸው ምክሮች ሁሉ የጠቀመኝ ያ ነው።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። በ1886 ተወልዶ በ1919 ዐረፈ። "መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር" የተባለው መጽሐፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ በ1924 ነው። እንዲህ አንብቡት።

መጀመሪያ ያለ ማስታወሻ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። ሁለተኛ ጊዜ እያንዳንዱን አንቀጽ በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሩ። በራሳችሁ ቃል ይሁን። ማሳጠር ያቃታችሁ አንቀጽ አልገባችሁም ማለት ነው፤ ምልክት አድርጉበትና ተመለሱበት። ሦስተኛ ጊዜ ስታነቡ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ከማን ጋር ነው የሚከራከረው? ማን እንዲያነበው ፈልጎ ነው? ሲጽፍ ሥራው ምን ነበር? በዚያ ዘመን ሁሉም የሚለውን እየደገመ ነው ወይስ እየተቃወመ?

መልሶቹ መጽሐፉን ይከፍቱታል። ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ ነበር። ጉምሩክ ላይ ቆሞ ምን ወደ አገር እንደሚገባና ምን እንደሚወጣ በየቀኑ አይቷል። ያልተማረ ሕዝብ ከተማረ ሕዝብ ጋር ሲነግድ እየደኸየ ይሄዳል ብሎ ሲጽፍ በዓይኑ ያየው ነገር አለ ማለት ነው። ቀደም ብሎ በ1912 "አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ" በሚለው ጽሑፉ ደግሞ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1909 ሮም ላይ ያሳተመውን የምኒልክ ታሪክ ነቅፏል። አፈወርቅ የእኛው የዘጌ ልጅ ነው። ስለዚህ አንዱን ለመረዳት ሌላውን ማንበብ ግድ ይላል። አንድ መጽሐፍ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ሳታስቡት ሁለት ሦስት ሆነላችሁ። ምርምር የሚሰፋው እንዲህ ነው።

ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልጨምር። በ1960 ፒተር ላስሌት የተባለ የእንግሊዝ ታሪክ ተመራማሪ የጆን ሎክን ስለ መንግሥት የተጻፉ ሁለት ድርሳናት አጣርቶ አሳተመ። መጽሐፉ የወጣው በ1689 ስለነበር ሰው ሁሉ የ1688ቱን የእንግሊዝ አብዮት ለመደገፍ የተጻፈ ይመስለው ነበር። ላስሌት ግን አብዛኛው ወደ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ እንደተጻፈ አሳየ። ከአብዮት በኋላ የተሰጠ ማረጋገጫ የመሰለው ነገር ከአብዮት በፊት የተጻፈ አደገኛ ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። አሁን ወደ ገብረ ሕይወት ተመለሱ። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው በ1923 ነው። መጽሐፉ በ1924 ስለታተመ ከዚያ ጋር አያይዞ የሚጽፍ ተማሪ በየጊዜው ይገጥመኛል። ሰውዬው በ1919 ዐርፏል። የታተመበትንና የተጻፈበትን ዓመት ሁልጊዜ ለዩ።

ሌላው ወጥመድ "ቀድሞ ተናግሮት ነበር" ማለት ነው። ገብረ ሕይወት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የተስፋፋውን የጥገኝነት ንድፈ ሐሳብ፣ ድኻ አገሮች የሚደኸዩት በሀብታሞቹ ላይ ጥገኛ ስለሆኑ ነው የሚለውን፣ ቀድሞ እንደጻፈ በኩራት የሚናገሩ አሉ። ኩራቱ ይገባኛል። ግን አንድ ሰው ገና ያልተፈጠረ ክርክር ውስጥ ሊገባ አይችልም። እንግሊዛዊው የሐሳብ ታሪክ ተመራማሪ ክዌንቲን ስኪነር በ1969 ባሳተመው ታዋቂ ጽሑፍ የወቀሰው አንዱ ስሕተት ይኸው ነው። ገብረ ሕይወትን ከራሱ ዘመን ነቅለን የኛ ነቢይ ስናደርገው የራሱን ጥያቄ እናጠፋበታለን። የራሱ ጥያቄ ደግሞ ይበልጣል።

4. ቃል ልቀሙ

ከጽሑፉ ጎን ለጎን የቃል መዝገብ ክፈቱ። በካርድም ይሁን በላፕቶፕ፣ እንደሚቀላችሁ። ለእያንዳንዱ ቃል አምስት ነገር ጻፉ፦ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ፣ ማን እንደጻፈው፣ ለማን፣ መቼ፣ በዚያው ገጽ ላይ በተቃራኒው የቆመውን ቃል። የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። "ነፃ" የሚለው ከ"ባሪያ" ጋር ሲቆምና ከ"ቅኝ ተገዢ" ጋር ሲቆም አንድ አይደለም።

ከሦስት ቃላት ጀምሩ። አንዱ ከላይ ያነሣሁት ዜጋ ነው። ሁለተኛው መንግሥት። "መንግሥትህ ትምጣ" ብለን ስንጸልይ፣ "መንግሥት ታክስ ጨመረ" ብለን ስናማርር፣ "የኢትዮጵያ መንግሥት" ብለን ስንጽፍ ያው አንድ ቃል ነው። የንጉሡ ግዛት፣ በሥልጣን ላይ ያለው አስተዳደርና አገሪቱ እንደ አካል፣ ሦስቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ብዙ የውጭ ቋንቋዎች ለሦስቱ የተለያየ ቃል አላቸው። ታዲያ መንግሥትን መንቀፍ አገርን ከመንቀፍ ጋር የሚምታታብን በከፊል ከዚህ የተነሣ ይሆን? እኔ አዎ ባይ ነኝ። ግን ይህ በሰነድ የሚጣራ ጥያቄ ነው። አንዳችሁ ፒኤችዲ ብትሠሩበት ደስታውን አልችለውም።

ሦስተኛው ብሔር ነው። በግእዝ ብሔር ማለት አገር፣ ምድር፣ ቦታ ነው። "ብሔረ ሕያዋን" የሕያዋን አገር ነው። እግዚአብሔር የሚለው ስም ውስጥም አለ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቃሉ ከቦታ ወደ ሕዝብ ተሻገረ፤ የተማሪዎች ንቅናቄና የማርክሲስት ጽሑፎች ትርጉም በዚህ ውስጥ ትልቅ እጅ አላቸው። ዛሬ ስንጣላበት የምንውለው ቃል ይህን ሁሉ መንገድ ተጉዟል።

5. ወደ ገዳም ከመሄዳችሁ በፊት

የጣና ደሴቶች ለዚህ ሙያ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ለመግባት ግን ሥርዓት አለው።

የመጀመሪያ ጉዞዬን ልንገራችሁ። ወጣት ነበርኩ። ካሜራዬን አንጠልጥዬ፣ ያለ ደብዳቤ፣ በጀልባ ተሳፍሬ አንድ ገዳም ደረስኩ። የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባት ውኃ አጠጡኝ፣ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ ከዚያ "ልጄ፣ ማን ላከህ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በመጣሁበት ጀልባ ተመለስኩ። ትክክል ነበሩ። እነዚያ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የቆዩት እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች "ማን ላከህ?" እያሉ ስለጠየቁ ነው።

ስለዚህ ከዲፓርትመንታችሁ ደብዳቤ አጽፉ። ደብዳቤው ምን መጽሐፍ፣ ለምን፣ ለስንት ቀን እንደምታዩ በግልጽ ይናገር። ያን ይዛችሁ ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ውሰዱ። ከተቻለ አንድ ሰው ቀድሞ ለአበምኔቱ ይንገርላችሁ። የጾምና የበዓል ቀናትን አጣሩ። ጀልባ በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ጣና ይናወጣል።

ስትደርሱ እጃችሁን ታጠቡ፤ አድርቁ። እስክሪብቶ ከቦርሳ አይውጣ፤ እርሳስ ብቻ። ፍላሽ ያለው ፎቶ አታንሡ። ያለ ፍላሽም ቢሆን በቅድሚያ ጠይቁ። ቅጠሉን ስትገልጡ ከላይኛው ጥግ በሁለት እጅ ያዙ። እግረ መንገዳችሁን ማንም ሰው ብራና ልሽጥላችሁ ቢል፣ የቱንም ያህል ቢያጓጓችሁ፣ አትግዙ። ሕግ ይከለክላል። ደግሞም ከገዳሙ የወጣ መጽሐፍ ታሪኩ ተቆርጦ ይወጣል።

ምን ትፈልጋላችሁ? ጀማሪ ወደ መጽሐፉ ዋና ጽሑፍ ይሄዳል። እናንተ ኅዳጉንና ባዶ ቅጠሎቹን ተመልከቱ። በድሮ ዘመን የጉልት ስጦታ፣ የመሬት ክርክር፣ የንጉሥ ቃል የሚጻፈው በወንጌሉ ባዶ ቅጠል ላይ ነበር፤ ቅዱስ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን ማንም አይደፍርም ተብሎ። ስለ ንብረትና ስለ ሥልጣን የታሰበው ሐሳብ፣ በመጽሐፍ መልክ ባይሆንም፣ እዚያ ተቀምጧል። በመግቢያው ያነሣሁት የዜጋ ትርጉም የተገኘው ከእንዲህ ዓይነቱ የመሬት ጽሑፍ ነው።

ዳጋ እስጢፋኖስን ለማየት ዕድል ካገኛችሁ ቀስ ብላችሁ እዩት። ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብና ፋሲለደስ ዐጽማቸው እዚያ ነው። ንጉሥ በሕይወት ሳለ ሥልጣኑን ከሰሎሞን ዘር ቆጥሮ ያጸናል፤ ሲሞት ደግሞ በደሴት ገዳም ውስጥ ከአባቶቹ ጎን ይተኛል። ይህን ስታዩ "ሥዩመ እግዚአብሔር" የሚለው ቃል ሌላ ክብደት ያገኛል።

ዳጋና ክብራን ሴት አይገባም። ሴት ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ የሚሰማቸውን አውቃለሁ። መንገድ ግን አለ። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ይገባል፤ ናርጋን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ናት። በሴት ስለተያዘ ሥልጣን ለመጻፍ ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተቀረጹ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎችን ደግሞ ሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት ይዟቸዋል። ተመዝግባችሁ በነፃ ታነባላችሁ። የፓሪሱ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያን የጎበኘውን የአንቷን ዳባዲን የብራና ስብስብ ጋሊካ በተባለው ድረ ገጹ ላይ አስቀምጧል። ኢንተርኔት ባለበት ቀን አውርዱ። በሁለት ፍላሽ አስቀምጡ። ኢንተርኔት ለወራት ሊጠፋ፣ መንገድ ሊዘጋ እንደሚችል እኛ እናውቀዋለን።

6. ያከራከረ ምንጭ ሲገጥማችሁ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራንዝን ታልፋላችሁ። "ሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ" በተባለው ጽሑፍ መሠረት ፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ፣ ከዳጋው ንጉሥ ጋር በስም ብቻ የሚገናኘው፣ ከዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስደት በኋላ ኑሮውን ያደረገው እዚያ ነው። ጽሑፉ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተጻፈ ይላል። ሁሉን በልቡና መመርመር እንደሚገባ፣ ሰዎች ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል እንደሆኑ ይናገራል። ነገር ግን ጽሑፉን በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለአንቷን ዳባዲ የላከለት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣልያናዊ የካቶሊክ መነኩሴ ነው። በ1920 ጣልያናዊው ምሁር ኮንቲ ሮሲኒ "ጻፈው ራሱ መነኩሴው ነው" ብሎ ተከራከረ። ክሎድ ሰምነር ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ዓመታት ሰጥቶ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ሲል ሞገተ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም።

ተማሪዎቼ "እርስዎስ ምን ይላሉ?" ይሉኛል። ሁለቱንም ወገን በደንብ ሳያነቡ አልመልስላቸውም። እናንተም እንዲህ አድርጉ። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉ። በግራ ኢትዮጵያዊ ነው የሚያሰኘውን፣ በቀኝ አይደለም የሚያሰኘውን አስፍሩ። ለእያንዳንዱ ነጥብ "ይህ ማስረጃ ነው ወይስ ምኞት?" ብላችሁ ጻፉ። "አፍሪካዊ እንዲህ ሊያስብ አይችልም" የሚለው ማስረጃ አይደለም፤ ንቀት ነው። "የኛ እንዲሆን እንፈልጋለን" የሚለውም ማስረጃ አይደለም። በሁለቱም ወገን የሚቀረውን ስትቆጥሩ ምርምር ጀመራችሁ ማለት ነው።

7. ክፍል ስትገቡ

ማስተማር ከምርምሩ የተረፈ ሥራ አይምሰላችሁ። ለእኔ ግማሹን ሐሳብ የሰጡኝ ተማሪዎቼ ናቸው።

ሞጁሉን ተከትላችሁ ከአፍላጦን እስከ ማርክስ በሩጫ አትጨርሱ። በአንድ ሴሚስተር አምስት ስድስት ጽሑፍ ይበቃል። የደራሲውን ሕይወት ስላይድ ላይ አታብዙ። ከጽሑፉ ራሱ ሦስት ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ አድሉ፤ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላችሁ አስነብቡ። ተማሪው ካላነበበው ስለ እሱ የምትነግሩት ሁሉ ወሬ ነው።

የአውሮፓውን ከራሳችን ጋር አጣምሩ። ሁለት ጥምረት ልስጣችሁ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሆብስ በ1651 ያሳተመው መጽሐፍ ሌዋታን ይባላል። ተማሪው ሌዋታንን ከመጽሐፈ ኢዮብ ያውቀዋል፤ ከዚያ ጀምሩ። ቀጥላችሁ "ዘመነ መሳፍንት" የሚለው ስም ከየት መጣ ብላችሁ ጠይቁ። ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ ንጉሥ ስላልነበረ ሰው ሁሉ በፊቱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ ነበር ከሚለው። ስሙ ራሱ ክርክር ነው። ያለ ንጉሥ ሥርዓት የለም ይላል። ሆብስም ወደዚያ ያዘነብላል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ልዩነቱን ተማሪዎቹ ያውጡት። በዚህ ርእስ ክፍሉ ሁልጊዜ ይሞቃል።

ሁለተኛው ጥምረት ብዙ ሰው የሚዘለው የሎክ የመጀመሪያ ድርሳን ነው። እዚያ ሎክ የሚሞግተው ፊልመርን ነው፤ ፊልመር የነገሥታት ሥልጣን ከአዳም በውርስ መጣ ይላል። ይህን ከክብረ ነገሥትና የንጉሡ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥት ሳባ ልጅ ከምኒልክ እንዳልተቋረጠ ከሚደነግገው የ1931 ሕገ መንግሥት ጋር አስነብቡ። ከዚያ ጠይቁ፦ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓንን ሕገ መንግሥት አርአያ አድርጎ የተረቀቀ ሕግ ለምን የዘር ሐረግ አስፈለገው?

ጠንካራው ፈተና የሚመጣው የቅርቡን ጊዜ ስታስተምሩ ነው። የተማሪዎች ንቅናቄ አባል የነበረው ዋለልኝ መኮንን በ1969 ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን አጭር ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ስታነሡ አንዱ ተማሪ ጀግና፣ ሌላው አጥፊ ይለዋል። ሳያነቡት። እኔ አንድ ሕግ አለኝ። ጽሑፉን ሁሉም ካነበበ በኋላ የመጀመሪያው ተናጋሪ የጸሐፊውን ሐሳብ፣ ጸሐፊው ቢሰማ "አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት" እስኪል ድረስ መግለጽ አለበት። ነቀፌታም ሆነ ውዳሴ ከዚያ በኋላ ነው። ጽሑፉ መጀመሪያ የተጻፈው በእንግሊዝኛ እንደሆነ ስነግራቸው ብዙዎቹ ይደነቃሉ። ያኔ በቃል መዝገባችን ላይ ወዳለው ብሔር እንመለሳለን። ጩኸቱ ቀስ ብሎ ወደ ጥያቄ ይለወጣል። ሁልጊዜ አይሳካም። አንድ ቀን ሁለት ተማሪዎች ተጣልተው ከክፍል ወጥተውብኛል። ማታውን ለሁለቱም ስልክ ደወልኩ፤ በማግስቱ ጎን ለጎን ባይቀመጡም መጡ።

8. ማሳተምና ማደግ

ያለ ኅትመት ዕድገት የለም። ግን አትቸኩሉ። "ጽሑፍዎን በሁለት ሳምንት እናትምልዎታለን" የሚል ኢሜይል ይመጣላችኋል፤ ገንዘብም ይጠይቃል። ዝጉት። ለመጀመሪያ ጽሑፍ በትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና ያገኘ የአገር ውስጥ ጆርናል ጥሩ ነው። ወጣ ስትሉ ከሀምቡርግ የሚወጣው ኤቲዮፒካ አለ፤ ሰፊውን መስክ ለሚመለከት ደግሞ በ1940 የተጀመረው የሐሳብ ታሪክ ጆርናል አለ። ጽሑፌ ተመላሽ ሲሆን መጀመሪያ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩ። አሁን አስተያየቱን አትሜ እያንዳንዱን ነጥብ በቁጥር እመልሳለሁ።

የሚነበብ ነገር ለማግኘት ሪሰርች ፎር ላይፍን ተጠቀሙ፤ እንደኛ ላሉ አገሮች ተቋማት ብዙ ጆርናል በነፃ ይከፍታል። የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ጠይቁ። አዲስ አበባ ስትሄዱ ወመዘክርንና የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ሳታዩ አትመለሱ፤ ቢያንስ ለየብቻቸው ሁለት ሁለት ቀን መድቡ።

በአማርኛም ጻፉ። ለማዕረግ ዕድገት የሚሰጠው ነጥብ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ግን ስለ መንግሥት፣ ስለ ዜጋ፣ ስለ ብሔር የምታጠኑት በዚህ ቋንቋ የተሠራ ሐሳብ ነው። የቋንቋው ባለቤት ሊያነበው ይገባል።

9. ቅጂውን መልሱ

ጽሑፋችሁ ሲወጣ ሦስት ቅጂ አትሙ። አንዱን ለዲፓርትመንቱ ቤተ መጻሕፍት። አንዱን ግእዝ ላስተማሯችሁ የኔታ፤ በእንግሊዝኛ ከሆነ ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አያይዙበት፣ ቁጭ ብላችሁም አንብቡላቸው። ስሕተት ካለ ያኔ ይነግሯችኋል፤ የእኔን አንድ የግስ አፈታት ያረሙልኝ እንዲህ ነው። ሦስተኛውን መጽሐፉን ላሳያችሁ ገዳም፣ ያነሣችሁትን ፎቶ በፍላሽ ጨምራችሁ። ደብዳቤ ይዛችሁ በጠዋት ጀልባ ሂዱ። በዚያ ቀን ምንም መጽሐፍ እንዲወጣላችሁ አትጠይቁ።